ማንም የማይነካው ቀለበት

ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት የቤት ዕቃ በሚሠራ ቤት ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ኤምዲኤፍ ተቆርጦ ይመጣል፣ ጠርዙ ይለጠፋል፣ እኔ ደግሞ ማጠፊያ እገጥማለሁ። አንድ ቀን ምሽት፣ ደንበኛችን ቤት የወጥ ቤት ካቢኔ ስንገጥም የመጨረሻው በር ላይ ደረስኩ። እግሬ ዝሏል፣ እትዬ ከጎኔ ቆመው ያያሉ፣ እኔም ቶሎ ጨርሼ ታክሲ ሳያልቅብኝ ልሂድ እላለሁ። ድሪሉን ቪቴው ላይ አሳርፌ ቃታውን ሳብኩት። ቪቴው ገባ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ቀለል አለ። ቪቴው በባዶው ይዞራል።

ይህን ድምፅ የሰማው ሰው አይረሳውም። ቀዳዳው ውስጥ ያለው እንጨት ተፈልፍሎ አልቋል ማለት ነው። ደንግጬ ወደ ሁለተኛው ቪቴ ስጣደፍ ደግሞ የዚያኛው አናቱ ተበላ። የመስቀሉ ጥርስ ጠፍቶ ክብ ጉድጓድ ብቻ ቀረ። አይገባ፣ አይወጣ።

ጋሼ መጥተው አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የክብሪት እንጨት ኮላ ነክረው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሞሉት። አናቱ የተበላውን ግን በፒንሳ ሲታገሉ የበሩ ፊት ተጫረ። በሩ መቀየር ነበረበት። የበሩ ዋጋ ከእኔ ክፍያ ላይ ተቆረጠ። የዚያን ሳምንት ገንዘብ ለቤት ኪራይ አስቤው ነበር። ምን እንዳደረግኩ አልነግራችሁም፤ ብቻ ከአክስቴ ጋር የተጨቃጨቅነው ያኔ ነው።

ታዲያ ያ ድሪል አፍንጫው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ነበረው። ከ1 ይጀምርና እስከ 20 ይሄዳል፤ ከ20 ቀጥሎ የፑንታ ሥዕል አለ። እዚያ ቤት በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ ቀለበቱ ከፑንታው ሥዕል ላይ ንቅንቅ ሲል አላየሁም። ምን እንደሚሠራ እኔም አልጠየቅኩ፣ ማንም አልነገረኝ። በርና ኪራይ ያስከፈለኝ ነገር መፍትሔው ከጣቴ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ እንደነበር ያወቅኩት ሥራውን ከተውኩ በኋላ ነው።

ነገሩን እንደገና ያስታወሰኝ ዘንድሮ ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ሻንጣው ውስጥ ‹‹ዘመናዊ›› የሚባለውን ድሪል ይዞልኝ መጣ። (በነገራችን ላይ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ለብቻው አይገባም። 18 ቮልት፣ 5 አምፒር አወር የሆነ ባትሪ 90 ዋት አወር ነውና ከ100ው ገደብ በታች ስለሆነ ያልፋል። የሚያስመጣላችሁ ዘመድ ካለ ንገሩት።) ይሄ ድሪል ቪቴው ሲጠብቅ በራሱ ይቆማል። ቃታውን እንደሳባችሁ ብትቆዩም ቆሟል። የመጀመሪያውን ቀን ተበላሽቷል ብዬ ነበር።

እንዴት ነው የሚያውቀው? ነገሩ አስማት አይደለም። የሞተር ጉልበት በሚስበው ከረንት ይለካል። ቪቴው እንጨት ውስጥ ሲጓዝ ከረንቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ አናቱ እንጨቱን ሲነካ ደግሞ በአንዴ ይዘላል። ካርቦን የሌላቸው፣ ብራሽለስ የሚባሉት ሞተሮች ያለ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ አይዞሩም። ስለዚህ ሰሌዳው ቀድሞውኑም ከረንቱንና ፍጥነቱን እየተከታተለ ነው። ዝላዩን ሲያይ ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሞተሩን ፍሬን ያስይዘዋል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ዓይናችሁ እስኪርገበገብ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን ከሰው ጋር አወዳድሩት። በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ድሪል በሰከንድ 25 ዙር ነው። የሰው ልጅ አንድ ነገር አይቶ ወይም ሰምቶ ጣቱን እስኪለቅ በግምት ከሰከንድ አንድ አምስተኛው ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ድሪሉ አምስት ዙር ሊሄድ ይችላል። እሺ፣ ጭነት ሲበዛበት ይዘገያል፤ አምስቱ ሁለት ይሁን። ለኤምዲኤፍ ግን አናቱ ካረፈ በኋላ አንድ ሙሉ ዙር እንኳን ይበዛበታል። ኤምዲኤፍ እንደ ዋንዛ አይደለም፤ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው። አንዴ ከተፈለፈለ መልሶ አይዝም።

ስለዚህ ‹‹ጎበዝ ባለሙያ በእጁ ያውቀዋል›› የሚለውን ስሰማ ግማሹን ብቻ ነው የምስማማው። ጋሼ በርግጥ ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ከመጥበቁ በፊት ቃታውን ያላላል፤ ማለትም ከሆነ በኋላ ሳይሆን ሊሆን ሲል ነው የሚቆመው። ይሄ ትልቅ ዕውቀት ነው፣ እኔም እቀናበታለሁ። ግን ጋሼም ቢሆኑ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት መቶኛው ቪቴ ላይ፣ እንደ ጠዋቱ አይደሉም። ያ ዕውቀት የተገኘውስ ስንት በር ተበላሽቶ ነው? የመጀመሪያዎቹን በሮች የከፈለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ረዳቱ ነው። ‹‹በስህተት ይማራል›› የሚባለው ልጅ የመማሪያ ክፍያውን ከምሳው ላይ ነው የሚቀንሰው። ይህን የምለው ስለከፈልኩ ነው።

ቀለበቱ እኮ ይህንኑ ሥራ ያለ ምንም ኤሌክትሮኒክስ ይሠራዋል። ከበስተኋላው ስፕሪንግ አለ፤ ስፕሪንጉ ትንንሽ ኳሶችን ጉብታ ባለው ሳህን ላይ ይጫናል። ከመኪና ፍሪሲዮን ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ ጉልበቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ይንሸራተታል። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ ስፕሪንጉ ይጠብቃል፣ ዝቅ ስታደርጉ ይላላል። ቪቴው በቂ ሲሆን ኳሶቹ ጉብታውን እየዘለሉ ‹‹ጠቅ ጠቅ ጠቅ›› ይላሉ፣ ቢቱ ይቆማል። የፑንታው ሥዕል ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ፍሪሲዮኑ ተቆልፏል ማለት ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ቪቴው ላይ ይወርዳል። እኛ ቤት ሁሌም እንደተቆለፈ ነበር።

ቁጥሮቹ ኒውተን ሜትር አይደሉም። የአንዱ ድሪል 5 የሌላው 5 ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ፤ ከ3 ወይም ከ4 ጀምራችሁ የቪቴው አናት ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን አንድ አንድ ጨምሩ። ቁራጩ ልትሠሩበት ከምትሄዱት እንጨት ይሁን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የኤሌክትሮኒኩ ብልጫ ታዲያ የት ላይ ነው? ፈጣን ነው፣ ስፕሪንግ ስለሌለው አይደክምም፣ ደግሞም ቪቴ ማስገባት ማለት መቆም ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ጣሪያ ላይ የሚሠሩ ልጆች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የኢጋ ቆርቆሮን ከብረት ጋር የሚይዘው ራሱ ቀድቶ የሚገባ፣ ከአናቱ ሥር ጎማ ያለው ቪቴ ነው። ብረቱን ለመብሳት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ጎማው ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወዲያው መቆም አለበት። ትንሽ ካለፈ ጎማው ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሐምሌ ላይ ያፈስሳል። ማኪታ እና ሚልዋኪ ኢምፓክት ድራይቨር ላይ ለዚህ ዓይነቱ ቪቴ የተለየ ሞድ አላቸው፤ በፍጥነት ይጀምርና ሲጠብቅ ራሱን ይገታል። ሚልዋኪ በፈረንጆቹ 2015 ይዞት በመጣው ዋን ኪ በሚባል መተግበሪያ ደግሞ ይህን ከስልክ ላይ ማስተካከል ይቻላል። ፍጥነቱን ትመርጣላችሁ፣ በብሉቱዝ ትልካላችሁ፣ ድሪሉ ያስታውሰዋል።

ጂፕሰም ቦርድ የምትሠሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቪቴው ወረቀቱን ትንሽ ገፋ አድርጎ መቆም አለበት እንጂ ወረቀቱን መቅደድ የለበትም። ወረቀቱ ከተቀደደ የሚይዘው ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። ኮርኒስ ላይ ሲሆን ደግሞ ከሥሩ ሰው ይቀመጣል።

እስከዚህ ድረስ የድሪል ሻጭ መስያለሁ። አሁን ያሳፈረኝን ልንገራችሁ።

በአዲሱ ድሪል የእናቴን ቁም ሳጥን ማጠፊያ ልቀይር ተነሳሁ። ‹‹እማዬ፣ ይሄ እኮ በራሱ ይቆማል›› ብዬ ከሩብ ሰዓት በላይ ደስኩሬላታለሁ። አሮጌውን ቪቴ ልፈታ ቢቱን አሳርፌ ቃታውን ስስበው፤ ክርርር! አናቱ ተበላ። እማዬ ቀና ብላ አይታኝ ‹‹ቆመ?›› አለችኝ።

ጥፋቱ የድሪሉ አልነበረም። የመስቀል አናት ያላቸው ቪቴዎች ሁሉ አንድ ይመስሉናል፤ አይደሉም። ፊሊፕስ የሚባለው ተራ መስቀል ነው። ፖዚድራይቭ የሚባለው ደግሞ በመስቀሉ ክንፎች መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ለቺፕውድና ለማጠፊያ የሚሠሩ ቪቴዎች ብዙዎቹ ፖዚድራይቭ ናቸው። እኔ ያስገባሁት የፊሊፕስ ቢት ነበር። ይገባል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ግን ጥርሱ ሙሉ በሙሉ አይነክስም። ቢቱ ላይ ፒኤች ወይም ፒዜድ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ያኔ አላነበብኳቸውም።

የፊሊፕስ ነገር ራሱ ታሪክ አለው። ሄንሪ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ ፓተንቱን ያገኘው በፈረንጆቹ 1936 ነው። የዚያን ጊዜ ቪቴ በአብዛኛው ባለ አንድ መስመር ስለነበር የመኪና ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ሲታሰር ካቻቢቴው ወደ ጎን ይንሸራተታል። መስቀሉ ግን ጫፉን ራሱ ወደ መሐል ይስበዋል። ካዲላክ ቀድሞ ተጠቀመበት፣ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። ክንፎቹ ዘንበል ያሉ ስለሆኑ ግን ጉልበት ሲበዛ ቢቱን ወደ ውጭ ይገፉታል። አንዳንዶች ይህ ሆን ተብሎ ነው፣ ቪቴው ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከእሱ በፊት ካናዳዊው ሮበርትሰን የማይንሸራተት ባለ አራት ማዕዘን ቪቴ ሠርቶ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ሊጠቀምበት ፈልጎ በፈቃዱ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ቪቴው ዛሬም ካናዳ ውስጥ በብዛት አለ። እኛ በሰው ንግድ አለመስማማት የቪቴ አናት እንበላለን።

ቁም ነገሩ፣ ድሪሉ የሚያየው ከረንቱን ነው፤ ቢቱ ጥርስ ውስጥ በትክክል መቀመጡን አያይም። ቢቱ ሲንሸራተት ጭነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ‹‹ጠብቋል፣ ልቁም›› የሚልበት ምክንያት የለውም። ቀዳዳ እንዳይፈለፈል ይጠብቃችኋል፤ አናት እንዳይበላ ግን በከፊል ብቻ ነው። ቀሪው የእናንተ ነው፤ ትክክለኛ ቢት፣ ቀጥ ያለ አያያዝ፣ ከኋላ ጠንከር ያለ ግፊት፣ ቀስ ብሎ መጀመር። ስትፈቱ ደግሞ አናቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ቀለምና አቧራ በመርፌ አውጡ። ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ይህን ከእንጨት ሠሪ ይበልጥ ያከብሩታል። ቦርድ ላይ ያለ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቪቴ አናቷ ከተበላ የደንበኛው ስልክ እንደተከፈተ ይቀራል።

ይህ የእኔ ቢጤ ለማጅ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ናሳ ለጠፈር ተጓዦቹ ያዘጋጀው ሽጉጥ መሰል መሣሪያ አለ፤ ኮምፒውተር ያለው፣ ጉልበቱንም የዙሩን ብዛትም አስቀድሞ መወሰን የሚቻልበት። ከሀብል ቴሌስኮፕ ጥገና ጋር ስሙ የሚነሳ መሣሪያ ነው። በፈረንጆቹ ግንቦት 2009 ማይክ ማሲሚኖ የሀብልን አንድ የተበላሸ መሣሪያ ለመጠገን ወጣ። ከመቶ በላይ ትንንሽ ቪቴዎችን መፍታት ነበረበት፤ ለእነሱ ለብቻው መሣሪያ ተሠርቶላቸው ለዓመታት ተለማምዶባቸዋል። ከእነዚያ በፊት ግን መንገድ የዘጋውን የእጅ መያዣ ዘንግ ማንሳት ነበረበት፤ የታሰረው በአራት ብሎን ነው። ማንም ያልፈራው ሥራ ይሄ ነበር። የአንዱ ብሎን አናት ተበላ።

ከመሬት በላይ ከ500 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ የጠፈር ጓንት ለብሶ፣ ፒንሳ ይዞ የሚመጣ ጋሼ በሌለበት! መሐንዲሶች መሬት ላይ ባለው አምሳያ ሞክረው ‹‹በእጅህ ነቅለህ አውጣው›› አሉት። ስብርባሪው እንዳይበተን በፕላስተር አሽጎ ነቀለው። ሥራው ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ጥገናው ግን ተሳካ። እኔ ይህን ሳነብ ያቺን የካቢኔ በር አስታውሼ ትንሽ ተጽናናሁ። የእሱን ዋጋ ከደመወዙ የቆረጠበት የለም እንጂ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእኔ ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛው ከገበያው ጋር ነው። ድሪል ልትገዙ ስትሄዱ የሚነገራችሁ ቮልቱ ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ 48 ወይም 88 ተብሎ ከጎኑ ‹‹ቪኤፍ›› የሚል የተጻፈባቸው አሉ፤ ቮልት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ባትሪው ውስጥ በተርታ የተያያዙት ሴሎች አምስት ከሆኑ፣ እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ነውና 18 ቮልት ነው፤ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን ወደ 20 ይጠጋል። አሜሪካ ውስጥ 20 የሚባለውም አውሮፓ ውስጥ 18 የሚባለውም ያው ነው። ጉልበት አያንሳችሁም፤ ካቢኔ የሚገጥም ሰው ችግሩ የጉልበት ማነስ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሻጩን ‹‹ስንት ቮልት ነው?›› ከማለት በፊት ‹‹ፍሪሲዮኑን ላየው›› በሉት። ቀለበቱን 1 ላይ አድርጉና አፉን በእጃችሁ ሳይሆን ቪቴና ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። ጠቅ ጠቅ ካላለ ተዉት። ገንዘብ ከተረፋችሁ ኤሌክትሮኒኩን ግዙ፤ ዋጋው ይገባዋል እላለሁ። ብሉቱዙን ግን ለብቻው ብላችሁ አትክፈሉበት። አንድ ዓይነት ቪቴ ቀኑን ሙሉ ለሚያስር ቡድን ይጠቅማል እንጂ ለቤት ሥራ ስልክ አውጥቶ ድሪል ማስተካከል ከቀለበት ማዞር አይፈጥንም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከአሠሪዎች ጋር ነው፤ ይሄኛው ይከብዳል። ለረዳቱ ቀለበቱ ምን እንደሆነ ሳያሳዩ፣ የቢት ሳጥን ሳይገዙ፣ አንድ የተበላ ቢት ለዓመት እያሠሩ፣ በር ሲበላሽ ዋጋውን ከልጁ ላይ መቁረጥ ትክክል አይደለም። የተበላ ቢት አዲሱን ቪቴ ይበላል። የአንድ ቢት ዋጋ ከአንድ በር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በየቴክኒክና ሙያ ተቋሙ የምታስተምሩም፣ ድሪል ከማስያዛችሁ በፊት ቀለበቱን አስይዙ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ድሪሉን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ተቀብለው አገላበጡት፣ ‹‹ይቺ ትራፓኖ ቀላል ናት›› አሉ። ቁራጭ ኤምዲኤፍ ላይ አንድ ቪቴ አስገቡ፤ ቆመ። ሌላ አስገቡ፤ ቆመ። ሦስተኛውን ሆን ብለው ቃታውን ጨምቀው ይዘው ጠበቁት፤ አሁንም ቆመ። ‹‹ስንት ነው?›› አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና መለሱልኝ።

ከዚያ ወደ አዲሱ ረዳት ዞረው ‹‹አንተ ልጅ፣ ያንን የእኛን አምጣው እስቲ›› አሉ። ልጁ አመጣው። ያው የድሮው ነው፣ ቀለበቱ አሁንም የፑንታው ሥዕል ላይ። በአቧራና በኮላ ተጣብቆ እምቢ አላቸው። ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ጠረጉት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት፣ 6 ላይ አቆሙትና ለልጁ ሰጡት።

‹‹ግባበት›› አሉት። ልጁ ቪቴውን አስገባ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ደንግጦ ለቀቀው፤ ‹‹ጋሼ፣ ተሰበረ መሰለኝ።››